ዘፈኑን ማን ሰጠሽ?

መታሰሬን ትቼዋለሁ። «ዘፈኑን ሌላ ሰው ደርሶ ሰጣት» ብለው በወረቀት ያሰፈሩት ግን በደል ነውና ይመዝገብልኝ።

እኔ ጅማ ውስጥ ቡና መጋዘን ተቀምጬ ብላሹን ፍሬ ከደህናው ስለይ ያረጀሁ ሴት ነኝ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። እኛ ለቃሚዎች ስንሠራ እንዘፍናለን፤ አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። የሌላዋን ግጥም የደገመች ይሳቅባታል። ስለዚህ ሁላችንም ከራሳችን ማውጣት ለምደናል።

አንዱን ዘፈኔን ልጆቼ ወደዱት። መንደራ ቆጪ ሰፈር፣ ከፀጉር ቤት ጀርባ ባለች ስቱዲዮ ልቀዳው ሄድኩ። ግድግዳው በፍራሽ ስፖንጅ ተሸፍኗል። ባዶ እጄን ቆሜ ብሞክር ግጥሙ ጠፋኝ፤ ሰፌድ ከነቡናው አስመጣሁ።

«እማማ፣ የፍሬው ድምፅ ይገባብናል» አለኝ ቀጂው።

«ይግባ» አልኩት። ሰፌዴን ይዤ እንዲህ አልኩ፦

ቀኑን ሙሉ ለቅመን አጥርተን ያስቀመጥነው፣
ማታ በጓሮ በር ማነው የቀላቀለው?

ዘፈኑ ከስልክ ስልክ ዞሮ ሰርቦ ከተማ ድረስ ተሰማ። ብዙም ሳይቆይ ፖሊሶች ከመጋዘኑ በር ላይ ወሰዱኝ።

የታሰርኩባት ክፍል ጠባብ ናት። ሰባት ሴቶች፣ አንድ ባልዲ፣ ከጣሪያው ሥር እንደ መዳፍ ያለች መስኮት። ግድግዳው ይረጥባል። አንዷ ፍራሿ ላይ ጠጋ ብላ «አረፍ ይበሉ» አለችኝ።

በማግስቱ መርማሪው ወንበር ሰጠኝ።

«‹የቀላቀለው› ያሉት ማንን ነው? መንግሥትን ነው?»

«የሚቀላቅለውን ነው። አንተ ትቀላቅላለህ እንዴ?»

አጠገቡ ቃሌን የሚጽፈው ጸሐፊ ሳቁን ዋጠ።

«ይህን የደረሰው የተማረ ሰው ነው» አለ መርማሪው። «ከኪቶ ፉርዲሳ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንዱ ነው አይደል? ስሙን ይንገሩኝና ዛሬውኑ ቤትዎ ይግቡ።»

«የማንን ልጅ ልስጥህ? የደረስኩት እኔ ነኝ።»

«በአራተኛ ክፍል?»

«ስሙን ካልነገሩኝ ይህን ፈርመው ይውጡ» ብሎ ያዘጋጀውን ወረቀት አነበበልኝ። ዘፈኑን የማላውቀው ሰው ሰጠኝ ይላል። ከሥሩ ፊርማ ብቻ ቀርቶታል።

«ለኪ!» አልኩ፤ አይሆንም ማለቴ ነው። ወደ ክፍሌ መለሱኝ።

ከሰዓት በኋላ ለእስረኛው የሚቀቀል ምስር እንድንለቅም አመጡልን። ጠጠሩ ብዙ ነው። እጄ ሥራ ሲያገኝ አፌም ተፈታ፦

ጠጠሩን ከምስሩ ስለይ ዋልኩ በጣቴ፣
እኔን ማን ለይቶኝ ወጣሁኝ ከቤቴ?

ሴቶቹ ተቀበሉኝ። ጠባቂዋ ፖሊስ በሩን ከፈተችው።

«ይሄኛውን ደግሞ ማን ሰጠዎት?»

«ከዚህ ማን ገብቶ ይሰጠኛል ልጄ? ምስሩ ነዋ!»

እየሳቀች ሄዳ ለመርማሪው ነገረችው። «ወላሂ፣ ከራሳቸው ነው የሚያወጡት» ስትል በኮሪደሩ ሰማኋት። እሱም አስጠራኝ። ወረቀቱ ግን ያው የጠዋቱ ነበር።

«የራሴ ነው ካሉ ጥፋቱም የራስዎ ነው፤ መውጣትዎ ይቀራል» አለኝ።

እስክሪብቶ ተቀበልኩት። በፊርማው ቦታ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እየለቀምኩ «ውሸት ነው። ዘፈኑን የደረስኩት እኔ ነኝ» ብዬ ጻፍኩ። ስሜን ከነአያቴ ጨመርኩበት። ወረቀቱን መዝገቡ ውስጥ ከተተው። አሥራ ሦስት ቀን ቆየሁ።

ስለቀቅ የሰጡኝ ወረቀትም «ዘፈኑን ከሌላ ሰው ተቀብላ ዘፈነች» ይላል። እንዲታረምልኝ ፖሊስ ጣቢያው ብዙ ተመላለስኩ። ልጆቼ «ነፃ ከወጡ ምን ቀረዎት?» ይሉኛል። የሠራሁትን ነው የቀሙኝ፤ እስራቱስ አልቋል። ዛሬ ዓይኔ ደክሞ መልቀም ትቻለሁ፣ ይህን ግን አልተውኩም።

በቅርቡ አዲስ የመጣው የጣቢያው ኃላፊ መዝገቡን አስወጣ። የእጅ ጽሑፌን አነበበ፤ ደግሞ አነበበ። ከዚያ ቀና አለ።

«እማማ፣ የጻፍነው ስህተት ነው። ዘፈኑ የእርስዎ ነው።»