ነርሱ እጁን ለአጎቴ ሲዘረጋ

ዛሬ ነርሱ እኔን ማከሙን ትቶ እጁን ለአጎቴ ዘርግቶ «እንትፍ ይበሉበት» ሲል ብታዩት!

የደም ካንሰር እንዳለብኝ ታውቃላችሁ። ትናንት ትኩሳት ይዞኝ እዚሁ መካነ ሰላም አንድ ክሊኒክ ተኛሁ።

ጠዋት ጠያቂው አንድ ለአምስት የተደራጀ ይመስል ክፍሌን ሞላው። አጎቴ ሼህ ይማምም ከከላላ በበቅሎ መጡ። «አብሽሪ ልጄ» ብለው፣ ዱዓ አድርገው እንትፍ ሊሉብኝ ጠጋ ሲሉ ነርሱ ጮኸ።

«አባባ፣ ይውጡ! በሽታ የመከላከል አቅሟ አልቋል፤ ምራቅ ይጎዳታል!»

«የኔ ምራቅ?» አሉና ቅር ብሏቸው ወጡ። ሌላውም ተከተላቸው።

ከምራቅ የዳነው ክንዴ ግን ነርሱ ከሰካው መርፌ አልዳነም። መርፌው ከደም ስሬ ወጥቶ ኖሮ መድኃኒቱ ቆዳዬ ሥር ሲፈስ ቆይቷል፤ ክንዴ እንደ ሊጥ ኩፍ አለ። ሌላኛውን ክንዴን ቢወጋ ቢወጋ ደም ስር አጣ። መድኃኒቱ ካልገባ ደግሞ ትኩሳቱ እንደማይምረኝ ሁለታችንም እናውቃለን።

በላብ ተጠምቆ ወጣና አጎቴን ይዟቸው ተመለሰ። «ሼሁ፣ እባክዎ ለእጄ ዱዓ ያድርጉልኝ፤ እንትፍ ይበሉበት» ብሎ እጁን ዘረጋ።

«ቆይ እንጂ! ያ እጅ እኮ እኔን ሊነካ ነው!» አልኩ።

አጎቴ እንትፍ አሉበት፤ እሱ ሄዶ በሳሙና ታጠበው። «ወላሂ፣ በረካውን አጠበው!» ብለው ራሳቸውን ያዙ። ደም ስሬ ግን በአንዴ ተገኘ።

አሁን አጎቴ «በዱዓዬ ነው» ይላሉ፤ ነርሱ «በእጄ ነው» ይላል። ያበጠውን ክንዴን ግን «የኔ ሥራ ነው» ያለ የለም።

እስቲ እናንተም ለመዳን ገብታችሁ ባለቤት የሌለው እብጠት ይዛችሁ የወጣችሁ ተናገሩ፤ ብቻዬን አልበጥ።