የማያብረቀርቅ ጆንያ

ልጄ ለፔይንትቦል፣ በቀለም ጥይት እየተፈላለጉ ለሚተኳኮሱበት ጨዋታ፣ ሳር የሚያስመስል መደበቂያ ልብስ ልትሠራ ነው። እዚህ ባሕር ማዶ፣ ፌርፋክስ ካለው ሱቃችን ጓዳ ባዶ ጆንያ ይዛ ወጣችና፣ "ማሚ፣ ይሄን ልጠቀም ወይስ ናይለን ኦርደር ላድርግ?" አለችኝ። የጆንያው ሽታ ወደ ስድስት ዓመቴ መለሰኝ።

እናቴም አንድ ጠዋት እንዲሁ ስትመርጥ ነበር። የማዳበሪያውን ከረጢት "ፀሐይ ሲነካው ያብረቀርቃል፤ ያስበላናል" ብላ ወረወረችው። ጆንያውን ጭቃ ቀባችው፣ ገለባ ሰካካችበት፤ ታላቅ ወንድሜን አልብሳ ጓሮ ካለው የገለባ ክምር ሥር አስተኛችው።

"አፈሳ መጥቷል፤ ትንፍሽ እንዳትዪ!" አለችኝ።

አፈሳ ማለት ወጣቱን በግድ ለጦርነት መውሰድ መሆኑን በምን ልወቅ? እኔ የማውቀው እህል ሲታፈስ ነው።

ታጣቂዎቹ በአጠገቡ አልፈው ሄዱ፤ አላዩትም። አንዱ ወደ ክምሩ ሲመለስ ግን ፈርቼ ጮህኩ።

"ጆንያው ውስጥ ያለው ወንድሜ ነው! እህል መስሏችሁ እንዳታፍሱት!"

እየሳቁ አፈሱት። እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

"ጆንያው ይሻላል፤ አያብረቀርቅም" አልኳት ልጄን።

"ሶ፣ ይሄን ከለበስኩ አያገኙኝም?"

"በልብሱ አያገኙሽም። ብቻ አብራሽ ያለችው አፏን ትያዝ።"