በጋ የማታውቀው ሩፊና

ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። ሐኪሜ ንዴት ለሽማግሌ አይበጅም ይለኛል፤ እሱ ግን ሩፊና ናሁኤልፓንን አያውቃትም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በረዶ ላይ የሚንሸራተቱበትን የስኪ ጣውላ ጠርዝ ስሞርድና ሰም ስቀባ ኖሬያለሁ፤ ካስተማርኳቸው ሁሉ እንደ እሷ እጁ የተባረከ አልገጠመኝም። ሞረዱን በብረቱ ላይ ስታስኬድ ዞር ብዬ ማየት አያስፈልገኝም፤ ድምፁን ሰምቼ ብቻ ደኅና መሳሉን አውቃለሁ።

ከተማችን ፑዌርቶ ኮይዌ ሁለት ናት። ታችኛዋ ሐይቁ ዳር፣ ቸኮሌት ቤትና ሆቴል የሞላባት፣ ፖስታ ካርድ ላይ የምትታተመዋ ናት። ላይኛዋ ነፋሱ በሚገርፈው ሜዳ ላይ ከሳንቃና ከቆርቆሮ የተሠራችው፣ የሆቴሎቹን አልጋ የሚያነጥፉት ሰዎች የሚያድሩባት ናት። ሩፊና የላይኛዋ ልጅ ናት። እናቷ ዶኛ ክሌሜንቲናና ነገሩ ሲጀመር ዘጠኝ ዓመት የሞላት ልጇ አይሌን እዚያው ሳንቃ ቤት ውስጥ አብረዋት ይኖራሉ። ባል ነበረ፤ ሄደ። ስለ እሱ ቀለም አላባክንም።

ናሁኤልፓኖች በዚያ ሜዳ ላይ የኖሩት ከተማዋ ሳትቆረቆር ነው። ካርታ ግን አልነበራቸውም። ሩፊና አባቷ እንደሞተ ለማዘጋጃ ቤቱ በስሟ አመለከተች፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ መልስ አላገኘችም። አሁን ደግሞ ከላይ ሆኖ ሐይቁ ስለሚታይ የእንግዳ ማረፊያ ሠሪዎች ዓይናቸውን ጥለውበታል። ባለፈው ዓመት በየግንዱ ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። በሁለት ዓመት ውስጥ ካርታ ያልያዘ ሰው ከቆሻሻ መጣያው ጀርባ ተተኪ ቦታ ይሰጠዋል ይላል። ሩፊና ማስታወቂያውን ቀድዳ ምድጃ ውስጥ ከተተችው፤ በማግስቱ ሌላ ተለጠፈ።

እኛ ጋ በረዶው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ከዚያ ተራራው ሣር ያበቅልና ላሞች ይወጡበታል፤ እኛም ሥራ እንፈታለን። ስለዚህ የሙያው ሰው ሻንጣውን አንሥቶ ክረምቱን እየተከተለ ወደ ሰሜን ይሄዳል፤ እዚያ በረዶው የሚጀምረው በታኅሣሥ ነው። ሚያዝያ ሲያልቅ ተመልሶ የኛን ይጀምራል። ይህ በኛ ዘንድ ማዕረግ ነው። በወርክሾፓችን ሰው ዕድሜውን አይጠየቅም፤ «ሳታቋርጥ ስንት ክረምት?» ነው የሚባለው። አንዱ ሳይቀናው ቀርቶ በጋውን አገር ቤት ያሳለፈ እንደሆነ ፊቱ በፀሐይ ቀልቶ ሲመጣ «ቲማቲም መጣ» እያልን መግቢያ መውጫ እናሳጣዋለን። ሩፊና ሳታቋርጥ አሥራ ስድስት ክረምት ነበራት። ስምንት ዓመት ሙሉ በጋ የሚባል ነገር አላየችም። የአይሌን ልደት ጥር ላይ ነው፤ ከአንደኛው ወዲህ አንዱንም አላከበረችላትም።

ስምንቱንም ዓመት የሄደችው አውሮፓ ውስጥ ወዳሉት የፒሬኔ ተራሮች ነበር። በኋላ እዚያ የሚቀጥራት ባለሱቅ አርጅቶ ሱቁን ሸጠ። ያኔ ነው ዊትኮም የመጣው። ዊትኮም በሰሜኑ ትልቅ አገር (ስሙን አልጠራም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ) በአንድ ተራራ ላይ የስኪ ጥገና ቤት አለው። ነሐሴ ላይ ሊዝናና ሲመጣ ስኪውን ሩፊና ሞረደችለት። በማግስቱ ተመልሶ መጣና ቆሞ ሲያያት ዋለ፤ ቤቱ ውስጥ ማሽን እንጂ እንዲህ ያለ እጅ እንደሌለው ነገረኝ። ለሚቀጥለው ታኅሣሥ ልቅጠራት አለ፤ እኛ እዚህ የማናገኘውን ደመወዝ ጠራ። ያ ደመወዝ ቤቱን በጡብ ያስገነባታል፤ ለካርታውም የሚከፈለውን ይከፍልላታል። ዊትኮም እኛ አገር የገባው ፓስፖርቱን ብቻ አሳይቶ ነው። ቪዛ የጠየቀው የለም፤ ቤት አለህ ወይ ያለው የለም። «እንኳን ደኅና መጣህ» ተብሎ ገባ።

የሰሜኑን ወረቀት ሁሉ እሱ ጨረሰ፤ የቀረው ቦነስ አይረስ ሄዶ ለቆንስሉ ቃል መስጠት ብቻ ነበር። ኅዳር ላይ አብሬያት ሄድኩ፤ እኅቴ እዚያ ስላለች ማደሪያ አላጣንም። ሃያ ሁለት ሰዓት አውቶቡስ ላይ ተቀመጥን። ስንወርድ ሙቀቱ ምድጃ የተከፈተ ይመስላል። ሩፊና አንድም የበጋ ልብስ የላትም፤ ከየት ይምጣ? የሱፍ ሹራቧን ለብሳ፣ ላቧ በጆሮዋ ግንድ እየወረደ ገባች። እኔ የእግረኛ መንገዱ ላይ ማቴ የምንለውን የቅጠል ሻያችንን እየጠጣሁ ጠበቅኋት።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ወጣች። አንዲት ወረቀት ይዛለች። የሆነውን የነገረችኝ አውቶቡሱ መንገድ ከጀመረ በኋላ ነው።

ቆንስሉ ከመስታወት ጀርባ የተቀመጠ ወጣት ነው። በአገርዎ ምን አለዎት ብሎ ጠየቃት። እሷ ትጋቷን የጠየቃት መሰላት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ ቀና ብላ፣ በወርክሾፓችን እንደሚነገረው፣ በኩራት ተናገረች።

«ጌታዬ፣ እኔ ስምንት ዓመት ሙሉ በጋ አገሬ አልተቀመጥኩም። አሥራ ስድስት ክረምት ሳላቋርጥ ሠርቻለሁ።»

እኛ ጋ ይህን ያለ ሰው የመጀመሪያው ማቴ ለእሱ ይቀዳለታል። ልጁ ግን መጻፍ ጀመረ።

«ስለዚህ የዓመቱን ግማሽ አገርዎ አይኖሩም።»

«አዎ» አለች፤ አሁንም ኮርታ።

«ቤት አለዎት?»

«አለኝ።»

«ካርታውስ?»

«በሂደት ላይ ነው» አለችው። አሥራ አንድ ዓመት እንደሆነውም ጨመረችለት። ይህንም እንደ ትዕግሥት ይቆጥርልኛል ብላ ነበር። ወረቀቷን በመስታወቱ ሥር ገፋላት። ከአገርዎ ጋር ያለዎት ትስስር በቂ ሆኖ አልተገኘም ይላል፤ አስቀድሞ የታተመ ነው፤ በእጅ የተጨመረው ስሟና ቀኑ ብቻ ነው። ፓስፖርቷ ውስጥ ስምንት ጊዜ ወጥታ ስምንት ጊዜ መመለሷን የሚመሰክር ማኅተም አለ። አልገለጠውም። አንድ ሰው ስምንት ጊዜ መመለሱ የማያሳምን ከሆነ ምን ሊያሳምን ነው? ይህን ሳስብ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

ዊትኮም ሲሰማ እንደገና ቀጠሮ ያዢ፣ የቤት ማስረጃ ጨምሪ አለ። እሺ ብለን ማዘጋጃ ቤት ሄድን። መዝገብ ቤት ያለችው ሴትዮ ፋይሉን አቧራውን እያራገፈች አወጣችው።

«ይኼ የቆመ ፋይል ነው» አለች። «ሦስት ጊዜ መርማሪ ተልኳል። ሦስቱንም ጊዜ ባለይዞታዋ ቤት የለችም ተብሎ ተመዝግቧል።»

«መቼ ነው የተላከው?» አልኳት።

ገጹን ገለጠች። ጥር፣ ጥር፣ የካቲት።

እናቷ እዚያው ነበሩ፣ ልጇም ነበረች ብለን ብንነግራት ማመልከቻው በእነሱ ስም አይደለም አለችን። በክረምት ለምን አይመጡም፣ ያኔ ሩፊና ቤቷ ናት ስላት መንገዱ ጭቃና በረዶ ስለሆነ የመሥሪያ ቤቱ መኪና አይወጣውም አለች። አይሌን በዚያው ጭቃና በረዶ በየቀኑ በእግሯ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። የመንግሥት መኪና ግን አይወጣውም። እዚያው ባንኮኒው ላይ ጮህኩ፤ ዘበኛው መጥቶ ክንዴን ያዘኝ። የሰሜኑ ሰው ካርታ የለሽም ብሎ ከለከላት፤ የገዛ አገሯ ደግሞ ሰሜን ሄደሻል ብሎ ካርታ ነፈጋት። ልጅቱ ከሁለት ያጣች ሆነች።

ደረጃውን ስንወርድ «ዘንድሮ አልሄድም» አለችኝ። «ቁጭ ብዬ መርማሪውን እጠብቃለሁ። ካርታውን ይዤ ለሚመጣው ዓመት እሄዳለሁ።»

እንዲህ ሆነና ሩፊና በጋ አየች። ጎረቤቶቿ ወደ ሸለቆው እንጆሪ ለቀማ ሲሄዱ ነይ አሏት፤ መርማሪው በዚያ ቀን ቢመጣስ ብላ ቀረች። ጉዳይ ሲኖራት ዶኛ ክሌሜንቲናን በር ላይ አስቀምጣ እየሮጠች ሄዳ እየሮጠች ትመለሳለች። ከአንድ ሆቴል አንሶላ እያመጡላት ቤቷ ትተኩስ ጀመር። ያ ለሰም የለመደ እጅ የሰው አንሶላ ሲተኩስ ሳይ አንድ ቀን ማቴዬን ሳልጨርስ ተነሥቼ ወጣሁ። የሚበሉት አብዛኛውን ጊዜ በዘይት የተጠበሰ ሊጥ ነበር።

በጥር አይሌን ዐሥር ዓመት ሞላት። ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ዳር ወሰድናት። ልጅቱ ከድንጋዩ ላይ ዘልላ ውኃው ውስጥ ገባች፤ ሩፊና እስከነጫማዋ ተከትላት ዘለለች። አይሌን ብቅ ብላ በሳቅ ፈረሰች። ለካ ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ትዋኛለች፤ እናቷ አታውቅም ነበር። ያን ዕለት ማታ ልጅቱ «መቼ ነው የምትሄጂው?» አለቻት፤ አልሄድም ስትላት አላመነችም። በማግስቱም ጠየቀች፤ በሦስተኛውም ቀን። ይህን ሁሉ ስምንት ዓመት የከፈለችው ማን ናት? ቆንስሉ «ትስስር» ያለው ይኼው ነበር፤ በመስታወቱ ቀዳዳ የማይገባ ሆነና ነው።

መርማሪው የመጣው የካቲት አጋማሽ ላይ ነው፤ እኔም በአጋጣሚ እዚያው ነበርኩ። መልካም ሰው ይመስላል፤ ከመኪናው ወርዶ ሰላምታ ሰጠ። ሩፊና መታወቂያዋን አሳየችው። እሱ ግን ዛሬ ቤት መገኘት ብቻ አይበቃም፤ በዚህ በጋ እዚህ ስለመኖርዎ ማስረጃ ያስፈልጋል አላት። መብራቱ ከጎረቤት የተቀጠለ ስለሆነ በስሟ አይደለም። የአይሌንን የትምህርት ቤት ወረቀት ሰጠችው፤ እሱ የልጅቱ ነው አለ። ዶኛ ክሌሜንቲና የስኳር ጣሳ ውስጥ ያጠራቀሟቸውን ወረቀቶች በሙሉ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉለት፤ የባላቸው የሞት ወረቀት፣ የክትባት ካርድ፣ ሁሉም። እያነሣ አስቀመጠ። በመጨረሻ ፓስፖርቷን ጠየቀ። ዘንድሮ ማኅተም አልተመታበትም፤ ያ ግን ለብቻው አያስረዳም አለ። ሊመልስላት ሲል ከውስጡ የታጠፈች ወረቀት ወደቀች። ያቺ የቆንስሉ ክልከላ ናት።

ዘርግቶ አነበባት፤ ፊቱ ፈካ።

«እመቤቴ፣ ይኼን ቀድመው ቢሰጡኝ ኖሮ» አላት። «ቀን አለው፣ አርማ አለው፣ የውጭ መንግሥት የሰጠው ነው። ከአገር እንዳልወጡ በደንብ ያስረዳል።»

ከፋይሉ ጋር በስቴፕለር አያያዛትና ፈረመ። ዶኛ ክሌሜንቲና ወረቀቶቻቸውን አንድ በአንድ ወደ ጣሳው መለሱ። እሳቸው እዚያ ወለል ላይ ስድሳ ዓመት ኖረዋል፤ የቆጠረላቸው የለም። ከአገርሽ ጋር ትስስር የለሽም የምትል ወረቀት ግን ተቆጠረች። እንዲህ ያለውን ነገር ሰው ቢያወራኝ ውሸታም እለው ነበር። ሩፊና መኪናው እስኪርቅ ቆማ አየችው፤ ከዚያ ገብታ ካውያዋን ለኮሰች።

ካርታው በመስከረም ወጣ፤ የሚከፈለውን በክረምቱ ደመወዟ ከፈለች። ቤቱ አሁንም ሳንቃ ነው፤ ጡቡ ገና ነው። በዚያው ሳምንት ዊትኮም ጻፈ፤ ቦታዋን እስካሁን አልሰጠሁባትም፣ ቀጠሮ ትያዝ ይላል። የእሱን ደብዳቤ የማነበውና የምመልሰው እኔ ነኝ፤ ከወጣትነቴ ጀምሮ የእነሱን ቋንቋ እሞካክራለሁ። ወርክሾፑ ውስጥ አነበብኩላት። የወቅቱ የመጨረሻ ስኪ እጇ ላይ ነበር።

«ደስ ይበልሽ እንጂ» አልኳት። «ካርታ ይዘሽ ከፊቱ ብትቆሚ አሁን ምን ይልሻል?»

ሞረዱን አስቀመጠች። «ዶን ሲክስቶ፣ እሱን ወረቀት ያወጣሁት አይሌን ከቆሻሻው ጀርባ እንዳትሄድ ነው። ለዚያ ቆንስል በመስታወት ሥር እየገፋሁ የማሳየው አይደለም። ልጄንም ዳግመኛ ጥዬ አልሄድም።»

«በጋውን በምን ትበያለሽ?»

«በአንሶላ።»

ትሂድ ለማለት አፌ እምቢ አለ፤ ትቅር እንዳልል ደግሞ የእንጀራ ነገር ነው። ታዲያ ለዊትኮም ምን ብዬ ልጻፍለት አልኳት።

ስኪውን ገልብጣ ሌላኛውን ጠርዝ ጀመረች። «ስኪው ከዶለዶመበት ይዞት ይምጣ በሉት» አለችኝ። «መንገዱን ያውቀዋል። እሱን ቤት አለህ ወይ ብሎ የሚጠይቀው የለም።»