ከዱባይ የመጣው ፕሮሰሰር

የጌም ኮምፒውተር ለመገጣጠም ስምንት ወር ፈጀብኝ። ከስምንቱ ሰባቱ ያለቁት በጥርጣሬ ነው። ካዛንቺስ፣ ከቢሮዬ ፊት ለፊት ባለው ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ የኮምፒውተር ዕቃ የሚሸጥ ሰው አለ። በምሳ ሰዓት እየሄድኩ ካርቶን አስከፍተዋለሁ፣ መለያ ቁጥር በስልኬ ፎቶ አነሳለሁ፣ ከዚያ "አስብበታለሁ" ብዬ እወጣለሁ። መብራት በሚመላለስበት ከተማ ርካሽ ፓወር ሳፕላይ የገዛ ሰው ሌላውንም ዕቃ እንደሚያቃጥል ስለማውቅ፣ ደህናውን መርጬ ከእሱ ገዛሁ። ማዘርቦርዱንም ግራፊክስ ካርዱንም እየተነጫነጭኩ ከእሱ ገዛሁ። ፕሮሰሰሩ ላይ ግን፣ ማሽኑ የሚያስብበት ዕቃ ላይ፣ እምቢ አልኩ።

"ኦሪጅናል ነው፣ በቃ ምን ልበልህ?" አለኝ።

"ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው" አልኩት፣ ፊት ለፊት።

ፕሮሰሰሩን ዱባይ የምትሠራው አክስቴን እንድታመጣልኝ ነገርኳት። አክስቴ በሁለት ዓመት አንዴ ትመጣለች። የቤተሰቡን መድኃኒት፣ ጫማና ስልክ የምታመጣው እሷ ናት፤ አንድም ቀን ተሳስታ አታውቅም፣ ይህንንም ራሷ ደጋግማ ትነግረናለች። ያለቻትን አንድ የዕረፍት ቀን ሰውታ፣ ሱቅ ለሱቅ ዞራ ገዛችልኝ።

ጎተራ ኮንዶሚኒየም እኛ ቤት እንደገባች ሻንጣዋን ከፍታ በሻሽ የተጠቀለለ ነገር ሰጠችኝ። ፈታሁት። ማራገቢያው ብቻ ነበር። ፕሮሰሰሩ ራሱ ከብስኩት አይበልጥም፤ ካርቶኑ ጎን ላይ ተሸጉጦ ነው የሚመጣው። ማራገቢያው እሱን እንዲያቀዘቅዝ አብሮት የሚሸጥ ነው።

"ካርቶኑስ?"

"ጣልኩታ! ጉምሩክ አዲስ ዕቃ ነው ብሎ እንዲይዘኝ ነው? ይሄን ሁሉ ዓመት ስመላለስ ኖሬ ሞኝ መሰልኩህ?"

ተናደድኩ፤ ከልቤ ተናደድኩ። ግን ፊቷ በደስታ በርቶ ነበርና "እግዜር ይስጥልኝ" ብቻ አልኩ። ምን እንደጣለች ብትሰማ የቀረውን የዕረፍት ፈቃዷን ራሷን ስትወቅስ እንደምትጨርሰው አውቃለሁ።

በማግስቱ ማራገቢያውንና ከእሱ የገዛኋቸውን ዕቃዎች ይዤ ባለሱቁ ዘንድ ሄድኩና የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። ይስቅብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሱ ግን ያንኑ እምቢ ያልኩትን ፕሮሰሰር ከመደርደሪያው አውርዶ ኮምፒውተሩን መገጣጠም ጀመረ። የራሱን ማራገቢያ ትቶ የአክስቴን ገጠመበት።

ተሠርቶ ባለቀበት ቀን አክስቴ "ሲሠራ ሳላየውማ አልሄድም" ብላ ሱቁ ድረስ ተከተለችኝ። ማሽኑ ተነሳ፤ የጌሙ መኪኖች ስክሪኑ ላይ መሽቀዳደም ጀመሩ። ትንሽ አየችና፣ ድምፅዋን እንኳ ሳትቀንስ፣ "አየህ? ከዚህ ብትገዛው ኖሮ አጭበርብረውህ ነበር" አለችኝ።

በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። ቀና ብዬ ባለሱቁን ማየት አቃተኝ።

"ልክ ነዎት፣ እናቴ" አለ ካቻቢቴውን እያስቀመጠ። "ይሄ ዓይነቱ እዚህ አገር አይገኝም።"