አክስቴ ሹክሪ፣ ፈታኙና የአህያው ጋሪ

አክስቴ ሹክሪ ሀርጌሳ ገበያ የግመል ወተት ትሸጣለች። ጣጣዋ ሹፌሯ ዳሂር ነበር። ሰው ባየ ቁጥር መኪናውን አቁሞ የዘመድ አዝማዱን ደህንነት ካልጠየቀ አይሆንለትም፤ እሱ ጠይቆ እስኪጨርስ ወተቱ ፀሐይ ላይ ይበላሻል። ደንበኞቿ አንድ በአንድ ሸሹ።

“በቃ፣ ራሴ እነዳለሁ!” አለች፣ በስልሳ ዓመቷ። ማስተማሩ እኔ ላይ ወደቀ። ሁለቴ ተፈትና ሁለቴ ወደቀች። “አሁንም ከወደቅሁ ግመሎቼን እሸጣቸዋለሁ” አለች። እሷ ደግሞ ካለች አለች ነው።

የኛ ነገር መቼም ጉድ ነው። የምንነዳው በመንገዱ ቀኝ፣ የመኪኖቻችን መሪም በቀኝ! ሹፌሩ ፊቱ ያለውን ለመቅደም ሲፈልግ የሚታየው የሱቅ በር ብቻ ነው። ከወዲያ የሚመጣውን የሚያይለት በግራ የተቀመጠው ሰው ነው። ስለዚህ አክስቴን ጠዋት ማታ “ሳይታይልሽ እንዳትቀድሚ” እላት ነበር። ምነው አፌን በቆረጠው!

የፈተናው ቀን ፈታኙ ጉሌድ፣ ነጭ ቆብ ያደረገ ጎረምሳ፣ ስልኩ ላይ እንዳፈጠጠ በግራ ገባ። እኔን ከኋላ አስቀምጦ “ትንፍሽ እንዳትል” አለኝ። ብዙም ሳንርቅ ውሃ የጫነ የአህያ ጋሪ ፊታችን ተደነቀረ።

“ይቅደሙት አክስቴ” አለ ጉሌድ።

“መንገዱ ክፍት ነው?”

“እ? አዎ፣ አዎ።”

“መቼ አየህና?”

“ፈታኙ እኔ ነኝ ወይስ እርስዎ?”

“ፈታኙስ አንተ ነህ። ዓይኔም አንተ ነህ። አንገትህን አውጣ!”

ከኋላችን ጡሩምባው ቀለጠ። አንዱ ባለታክሲ “ሴትዮ! አህያው ዘመድሽ ነው እንዴ?” ብሎ ጮኸ።

“ካንተ ይሻላል! እሱ እንኳን መንገዱን ያያል!” አለችው። አለቀላት፣ ግመሎቹም ተሸጡ አልኩ በሆዴ።

“ካልቀደሙ እጥልዎታለሁ!” አለ ጉሌድ።

“ጣለኝ! ግመሎቼን እሸጣለሁ። ለእናትህ ‘ልጅሽን ገደልኩት’ ማለት ግን አልችልም።”

ጉሌድ በንዴት መስኮቱን ከፍቶ፣ ምንም እንደሌለ ሊያሳያት አንገቱን አሰገገ። ወላሂ፣ አንድ የጭነት መኪና ከወዲያ መጥቶ በአጠገባችን ተወንጭፎ ሲያልፍ ቆቡን ከራሱ ላይ ይዞት ሄደ። ጉሌድ ወደ ውስጥ ተመልሶ አንገቱን በሁለት እጁ ዳበሰ።

“አሁንስ ክፍት ነው?” አለች አክስቴ።

“ያ... ያቁሙልኝ።”

ዳር ይዛ አቆመች። ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ “አልፋለች” ብሎ ፈረመ። እኔ በደስታ ልዘል ስል ጭንቅላቴ ከጣሪያው ተላተመ።

“ላድርስህ እንጂ ልጄ” አለችው ሲወርድ።

“ኧረ በእግሬ ይሻለኛል!”

እኔ ወደ ግራው ወንበር ተዛወርኩ። ጋሪውን ወዲያው ደረስንበት።

“ክፍት ነው?” አለችኝ መንጃ ፈቃድ ያላት አክስቴ።

አየሁ። መንገዱ ወለል ያለ ነው። “አዎ” ልል አፌን ስከፍት የጉሌድ ቆብ ትዝ አለኝ። “ትንሽ እንቆይ” አልኳት።

ጉሌድ ራሱን እያከከ በእግሩ መጣና እኛንም አህያውንም ቀድሞን ሄደ።