ከቆቡ ሥር የነበረው ፀጉር

የማንኩሳዋ እማሆይ ወለተ ጊዮርጊስ ከተወለዱ ጀምሮ ግንባራቸው ላይ እፍኝ የማይሞላ ነጭ ፀጉር ነበራቸው። እናታቸው «ባል ያሳጣሻል» እያሉ በምላጭ ያነሡላቸው ነበር። ታናሽ ወንድማቸውም ባለ ነጭ ቁንጮ፣ ዓይኑ የሰማይ ቀለም፣ ጆሮው የማይሰማ ሆኖ ተወልዶ በጨቅላነቱ ሞተ፤ ስሙ በቤት አይነሣም። እማሆይ ባላቸው ሲሞት ቆብ ደፉ። ያኔ ምላጩ ጥቁሩንም ነጩንም እኩል አደረገላቸው።

ጣሊያን ቡሬ በሰፈረ በሁለተኛው ዓመት የልጃቸው የእጅጉ ሚስት አቻምየለሽ ሴት ልጅ ወለደች። እጅጉ አርበኛ ነው፤ ከጫካ ወደ ቤቱ በወር አንዴ ብቅ ቢል ነው። እሷ ደግሞ ዶሮ ልትሸጥ ቡሬ ገበያ ትወጣ ነበር። ሕፃኗ ሸጋዬ ዓይኗ ሰማያዊ፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ፀጉር ያላት፣ ጥይት ቢተኮስ የማትባንን ሆነች።

እጅጉ ልጂቱን ወደ በሩ ብርሃን አውጥቶ አያት።

«ይህ ዓይን የማን ነው?»

«የእግዜር ነዋ!»

«እግዜር ቡሬ ከጣሊያን ጋር ሰፈረ እንዴ?»

አቻምየለሽ ወደ አማቷ ዞረች። «እማሆይ፣ እርስዎ ይፍረዱኝ።»

እማሆይ ቆባቸውን ወደ ግንባራቸው ሳብ አደረጉ። በስተርጅና የመንደር መጠቋቆሚያ መሆን ታያቸው።

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ልጄ» አሉ።

አቻምየለሽ ያን ዕለት ልጇን አዝላ አባቷ ቤት ገባች። እማሆይ ከዚያ ወዲያ ጸሎት ሲጀምሩ ያቺው ቃል እየቀደመች አፋቸው ላይ ትመጣባቸው ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ እጅጉ ለሌላ ሚስት ሽማግሌ ሊልክ ነው ሲባል እማሆይ ምላጩን ተዉት። ፀጉሬ ይመስክር ብለው ሁለት ወር አሳደጉት። ከዚያም ልጃቸውን ጠርተው፣ የወንድማቸውን ነገር ሳይቀር ነግረውት፣ ቆቡን አወለቁ።

እጅጉ አይቶ ሳቀ። «ይኼማ ሽበት ነው፣ እማሆይ! ምስክሩ የቱ ነው?»

ጎንበስ ብለው በደጁ የከብት ገንዳ ውኃ አዩት። ከግንባር እስከ አናት ነጭ ነው፤ አንዲት ጥቁር አልቀረችም።

«ወንድሜስ?»

«አዝነውላት የፈጠሩት ነው። ይተዉት በቃ።»

በማግሥቱ ምርኩዛቸውን ይዘው ወደ አቻምየለሽ ሄዱ። ሸጋዬ ደጅ ላይ ጥጃ ታሻሻለች፤ ቢጠሯት አልዞረችም። እማሆይ ቆባቸውን አውልቀው ሁሉንም ነገሯት፤ አቻምየለሽ እንደ ቆመች ሰማቻቸው።

«ያኔ ‹ይፍረዱኝ› ስልዎ ሌላው ፀጉርዎ ጥቁር ነበር?»

«ጥቁር ነበር።»

ቆቡን ከእጃቸው ወስዳ መልሳ ደፋችላቸው።

«ይሸፍኑት» አለች። «ነፋስ ነው።»