ጳጉሜን የማያውቀው ኮምፒዩተር

ሮማነወርቅ ናዝሬት ከተማ ውስጥ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ አንድ ክፍል ቤት ተከራይታ ብቻዋን ትኖር ነበር። ዕድሜዋ ሠላሳ ዘጠኝ ነው። አላገባችም፤ ለምን እንዳላገባች የሚጠይቃት ሰው እንኳ ካጣች ቆይታለች። ለአንድ ሰው ወጥ መሥራት ምን ያለ ጣጣ እንደሆነ የሠራ ያውቀዋል። ያንሳል ሲሉት ይተርፋል፣ የተረፈውን ሦስት ቀን ይበሉታል፣ በአራተኛው ቀን ድስቱን ማየት ያስጠላል። ስለዚህ ምሳዋን ቢሮ ዳቦ በሻይ ትበላ ነበር። እሑድ ቢሮው ሲዘጋ ግን የምትገባበት ይጠፋታል።

ቢሮው በድርቁ ጊዜ ከየመጠለያው ሲወጡ የተጠፋፉ ወላጆችንና ልጆችን የሚያፈላልግ የአንድ እርዳታ ድርጅት ቅርንጫፍ ነው። በ1979 ዓ.ም. አንድ ኮምፒዩተር ተላከለት። ያን ጊዜ ኮምፒዩተር በዓይኑ ያየ የናዝሬት ሰው በጣት የሚቆጠር ስለነበር፣ አላፊ አግዳሚው ሁሉ በመስኮት እየተንጠራራ ያይ ነበር። ፕሮግራሙን የሠራው ፈረንጅም አብሮ መጣ። ሁለት ሳምንት አስተማራትና "የፕሮግራሙን ውስጥ መክፈት ክልክል ነው፤ ችግር ካለ ጻፉልኝ" ብሎ ሄደ። እንዴት ነው የማይከፈተው? ታቦት ነው እንዴ? ግን ማን ደፍሮ ይጠይቀው!

አሠራሩ ቀላል ነበር። ሰው ከመጠለያ ሲወጣ ስሙ፣ የወጣበት ቀንና የሄደበት ቦታ በወረቀት ይሞላል። ስም በላቲን ፊደል ሲመታ ግን አንዱ እንዲህ፣ ሌላው እንዲያ ስለሚጽፈው፣ ፈረንጁ ፍለጋው በቀን እንዲሆን አደረገ። አንድ አባት ልጁ የወጣችበትን ቀን ከተናገረ፣ በዚያ ቀን የወጡት ልጆች ስም ተዘርዝሮ ይመጣል።

ታዲያ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ፈረንጁ ከጀርባዋ ቆሞ እያያት፣ ጳጉሜ 3 ቀን 1977 የሚል ወረቀት ደረሳት። ቀን ሦስት፣ ወር አሥራ ሦስት ብላ መታች። ኮምፒዩተሩ ጮኸ። ደገመች፤ ደግሞ ጮኸ። ለፈረንጅ ዓመት ማለት አሥራ ሁለት ወር ነው፤ አሥራ ሦስተኛ ወር አለን ብላ በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛዋ እንዴት ታስረዳው? ላብ በላብ ሆነች። "ይቺ ሴትዮ አይገባትም" እንዳይላት ፈርታ ወሩን አንድ አደረገችው። መስከረም ማለት ነው። ኮምፒዩተሩ ዝም አለ። በዚያ ቀን አርባ ሦስት ልጆች በአንድ መኪና ወጥተው ነበርና አርባ ሦስቱንም እንዲሁ አስገባቻቸው። ኋላ ላይ "ይሻላል፣ ይቀርባል" ብላ ጳጉሜ ሲመጣባት ነሐሴ 30 እያለች መመዝገብ ጀመረች። የፊተኞቹን ረሳቻቸው። ወረቀቶቹም ታስረው ዱከም ካለ መጋዘን ገቡ።

አቶ ዘገዬ የመጡት በዚያው ዓመት ነው። ከወሎ ተሰደው፣ ቡልቡላ አጠገብ አንድ የመንግሥት እርሻ ዘበኛ ሆነው የተቀጠሩ ቀጭን ሰው ናቸው። ሚስታቸው መጠለያው ውስጥ ሞታለች። እሳቸውም ታመው ክሊኒኩ ድንኳን ውስጥ ተኝተው ሳለ፣ የሰባት ዓመት ልጃቸውን ዘውድነሽን ከሌሎች ልጆች ጋር በመኪና ወሰዷት። ወዴት እንደሆነ የሚነግራቸው አላገኙም።

"ቀኑን ያስታውሱታል?" አለቻቸው ሮማነወርቅ።

"እንዴት ይረሳኛል፣ እትዬ! ጳጉሜ ሦስት፣ ሩፋኤል ነበር። ዝናብ ጥሎ ልጆቹ ሁሉ 'ሩፋኤል አሳድገኝ' እያሉ ሲዘሉበት ከተኛሁበት እሰማቸው ነበር። ከዚያ የመኪና ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ ጭጭ አለ።"

ነሐሴ 30 ብላ ፈለገች። የለም።

ከዚያ በኋላ በየወሩ መጡ። በወር አንድ ቀን ዕረፍት አላቸው፤ በጭነት መኪና ላይ ለምነው ይሳፈሩና ረፋዱ ላይ ይደርሳሉ። "ተገኘች ይሆን?" ይላሉ። "ገና ነው፣ አቶ ዘገዬ" ትላለች። ከዚያ አግዳሚው ላይ ቁጭ ይሉና ያወራሉ። ዘውድነሽ የጎረቤት ፍየል ስም እያወጣች ስትጠራ፣ ፍየሏም አቤት ስትላት። ደግሞ "ያ ጉንፋን ተሻለዎት?" ብለው ይጠይቃሉ። ያለፈው ወር ጉንፋን! በዚህ ዓለም ላይ ጉንፋኗን የሚያስታውስላት እሳቸው ብቻ ነበሩ። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ሮማነወርቅ ያቺን ቀን ትቆጥር ነበር፤ በዋዜማው ጸጉሯን ትሠራለች። ፍቅር ነው አልልም፤ እኔ ምን አውቃለሁ። ስሟን የሚጠራላት ሰው ማግኘቷ ነው።

አንድ ቀን ጨክና ስለ አሥራ ሦስተኛው ወር ለፈረንጁ አስጻፈች። መልሱ በሰባት ወሩ መጣ፦ ዓመት አሥራ ሁለት ወር ስለሆነ የአጻጻፍ ስህተታችሁን አርሙ፣ አዲሱን ፕሮግራም ከፈለጋችሁ ደግሞ ግዙ። በ1981 መጀመሪያ ላይ ይባስ ብሎ የፕሮግራሙ የፈቃድ ጊዜ አልቋል ተባለና አልከፈትም አለ። ጉድ እኮ ነው! ኮምፒዩተሩ እኛ ዘንድ፣ ወረቀቱ እኛ ዘንድ፣ ልጆቹ የኛ፤ ቁልፉ ባሕር ማዶ።

የቢሮው ኃላፊ አቶ አስፋው ሲጨንቃቸው ገመቹ የሚባል ቴክኒሻን ፈልገው አመጡ። ሌላ መሥሪያ ቤት ያለ ኮምፒዩተር ላይ የሚሠራ ሳቂታ ሰው ነው። "አካም ጅርቱ፣ እትዬ ሮማነወርቅ" ብሎ በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጥቶ ገባና አንድ ዲስኬትና የተጣጠፈ ረጅም ወረቀት ጠረጴዛዋ ላይ አኖረ። ራሱ የሠራው ፕሮግራም ነው፤ ወረቀቱ ላይ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው ታትሟል።

"ይሄ ሆዱ ነው" አላት። "ያንብቡት። የተሳሳተውን ያርሙ፤ ለሚፈልግ ቢሮ ሁሉ እየገለበጡ ይስጡ። ዋጋ የለውም።"

"ቁልፉስ?"

"ቁልፍ የለውም።"

"ታዲያ ማን ይጠብቀዋል?"

"የሚያነበው ሁሉ።"

አንድ ሥርዓት ብቻ አለው፤ ያረመ ሰው ምን ተሳስቶ እንደነበር ሳይደብቅ ከስሙ ጋር ራስጌው ላይ ይጽፋል። ቀድሞ አንድ ሰው ጽፎበታል፦ "ፈዬራ፣ ዝዋይ። ሁለት ሞክሼዎችን አንድ ሰው አድርጌ መዝግቤ ነበር። አሁን ፕሮግራሙ ይጠይቃል።"

ሦስት ሳምንት እየመጣ አስተማራት። ሮማነወርቅ ያንን ወረቀት መስመር በመስመር፣ በጣቷ እየተከተለች አነበበችው። ቀኑን የሚያጣራውን ቦታ ገመቹም ከፈረንጅ መጽሐፍ ገልብጦት ኖሯል፤ ወር ከአሥራ ሁለት ከበለጠ አትቀበል ይላል። አገኘችው! አሥራ ሁለቱን አሥራ ሦስት አደረገችው፤ አሥራ ሦስተኛው ወር አምስት ቀን፣ በአራት ዓመት አንዴ ስድስት ነው ብላ ጨመረች። ቀን ሦስት፣ ወር አሥራ ሦስት ብላ መታች። አልጮኸም። ብቻዋን ከት ብላ ሳቀችና ለሰው ልትነግር ዞር አለች። ክፍሉ ውስጥ ማንም አልነበረም።

ወረቀቶቹ ከዱከም መጡና ሁሉም እንደገና ይመዘገቡ ጀመር። በሁለተኛው ሳምንት አንድ የወረቀት እስር ፈታች፤ ጳጉሜ 3 ቀን 1977። ከየወረቀቱ ጥግ በእርሳስ የገዛ እጇ ምልክት አለ፤ ከጎኑ "መስ." የሚል። ሠላሳ አንደኛው ላይ ዘውድነሽ ዘገዬ፣ ሰባት ዓመት፣ ቢሾፍቱ የሕፃናት ማሳደጊያ ይላል። አቶ ዘገዬ ሃያ ስድስት ጊዜ መጥተዋል። ሃያ ስድስት ጊዜ "ገና ነው" ብላቸዋለች።

አቶ አስፋው ልጅቱ መገኘቷን ሲሰሙ ደስታቸው ወሰን አጣ። ጥፋቷን ፕሮግራሙ ራስጌ ላይ ልትጽፍ ስትል ግን ከለከሏት። "አንቺ ሴት፣ ምን ነካሽ? ፕሮግራሙ ነው ጥፋተኛው። ፈረንጁ ላይ ለጥፊው፤ ማን ያውቃል?"

እውነትም ማንም አያውቅም ነበር። ሮማነወርቅ በዚያ ሳምንት በሐሳቧ ቤት ሠርታ ጨርሳለች፤ አባትና ልጅ ለበዓል ሲመጡ፣ ዶሮው ተሠርቶ ድስቱ ባዶ ሲሆን፣ ልጅቱ "እትዬ" ስትላት። ዝም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅባት። ግን በየከተማው ያሉት ቢሮዎች ሁሉ ከዚያው ፈረንጅ ፕሮግራም ጋር ሲታገሉ የኖሩ ናቸው። እሷ ወሩን ከለወጠች ሌላውም ለውጦ ይሆናል፤ ካልነገረቻቸው ደግሞ የት ብለው ይፈልጋሉ? እያለቀሰች ጻፈችው፦ "ሮማነወርቅ፣ ናዝሬት። ፕሮግራሙ ጳጉሜን አይቀበልም ነበር፤ አሁን ይቀበላል። አርባ ሦስት የጳጉሜ ልጆችን መስከረም ብዬ ያስገባሁት እኔ ነኝ። እናንተም የመስከረሙን ከወረቀቱ ጋር አመሳክሩ።" ገመቹ እየገለበጠ ለየቢሮው በተነው።

ዘውድነሽ ከሞግዚቷ ጋር ከቢሾፍቱ መጣች፤ አሥራ አንድ ዓመት ሞልቷታል። መጀመሪያ ከሞግዚቷ ጀርባ ተሸሸገች። ተጠርተው የመጡት አቶ ዘገዬ ያቺን የፍየል ስም ጠሩላት። ልጅቱ ቀና አለች፤ ከዚያ የሆነውን እንኳን እኔ ሮማነወርቅም አላየችውም፣ ፊቷን አዙራ ነበር።

ሲረጋጉ ሮማነወርቅ ያደረገችውን ነገረቻቸው። ከሌላ ሰው አፍ እንዲሰሙ አልፈለገችም።

አቶ ዘገዬ ወደ ኮምፒዩተሩ ዞሩ። "ስመላለስ ሁሉ እዚህ ሣጥን ውስጥ ነበረች?"

"አዎ።"

"ቢሾፍቱ እኮ ከዚህ አንድ ሰዓት አይሞላም።"

"አይሞላም፣ አቶ ዘገዬ። ይቅር ይበሉኝ።"

የልጃቸውን እጅ ያዙ። "አልረግምዎትም" አሉ። "ግን ከእንግዲህ ላይዎት አልችልም፣ እትዬ።" ወጡ።

በሁለት ወሩ ከሻሸመኔ ቢሮ ደብዳቤ መጣ። ራስጌ ላይ የጻፈችውን አንብበው የመስከረም ምዝገባቸውን ቢያመሳክሩ አሥራ አንድ ልጆች አግኝተዋል፤ የልጆቹ ስም በዝርዝር ተጽፏል። ሮማነወርቅ ቤቷ ወስዳ አልጋዋ ላይ ቁጭ አለችና ስሞቹን አንድ በአንድ፣ ጮክ ብላ አነበበቻቸው። ማግስቱም እሑድ ስለነበር እስኪመሽ ደጋግማ አነበበቻቸው።